ፈርጥ የሌለው ቀለበት

ከሥነ ጽሑፋችን የፍቅር መታሰቢያዎች መካከል ንጉሥ ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ የሰጣትን ቀለበት የሚስተካከል አላውቅም። ታሪኩን እየሰማን ያደግን ሰዎች፣ ማንም ሳይነግረን በቀለበቱ ላይ በዓለም የሌለ የሚያበራ ፈርጥ በሐሳባችን አስቀምጠናል። ክብረ ነገሥትን ገልጦ ላነበበ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማክዳ ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል ንጉሡ ለብቻዋ ወስዶ ከትንሿ ጣቱ ያወለቀውን ቀለበት ሰጣት፤ እንዳትረሳው፣ ልጅ ከወለደችለትም ምልክት እንዲሆነው። ስለ ፈርጥ ግን የተጻፈ ነገር የለም።

ድንጋዩ ያለው በሌሎች ዘንድ ነው። «ኪዳነ ሰሎሞን» የሚባለው ጥንታዊ የግሪክኛ ድርሳን፣ ንጉሡ ማኅተም የተቀረጸበት የከበረ ድንጋይ ያለውን ቀለበት ከሊቀ መልአኩ ሚካኤል ተቀብሎ አጋንንትን እንደገዛበትና ቤተ መቅደሱን እንዳሠራቸው ይተርካል። በእኛው መጽሐፍ ቀለበቱ አጋንንት አይገዛም፤ የአንዲት ሴት ማስታወሻ ነው። እኔ በዚህ ልውውጥ አልቆጭም።

ክብረ ነገሥት ዕንቁ አያውቅም ማለቴ ግን አይደለም። በአዳም ሆድ የተቀመጠች፣ ከአባት ወደ ልጅ ስትወርድ ስትዋረድ እስከ ሐና የደረሰችና ከእርሷም ድንግል ማርያምን ያስገኘች ዕንቁ አለችው። ስለዚህ የመጽሐፉ ብርቅ ድንጋይ ከጣት ላይ ሳይሆን ከደም ውስጥ ነው። ቀለበቱም ይህንኑ የደም ነገር እንዲመሰክር የተላከ ነበር።

ይመሰክራል ብለን ስንጠብቅ ደግሞ መጽሐፉ ያስደንቀናል። በይነ ልሕክም ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው ከነጋዴው ከታምሪን ጋር ተጉዞ ከአባቱ ፊት ቆመ። ቀለበቱን ሲያቀርብ ሰሎሞን ምልክት እንደማያስፈልገው፣ መልኩን አይቶ ልጁ መሆኑን እንዳወቀ ነገረው። (ዕለት ዕለት በባንክ መስኮት ፊርማ ከፊርማ ሳመሳክር ለምውል ለእኔ ይህች ቦታ ልዩ ጣዕም አላት።) ማክዳ ያን ያህል ዘመን የጠበቀችው አደራ በደረሰበት ቅጽበት ሥራ ፈታ።

ቤተ መንግሥቱ ግን ሥራ አልፈታበትም። በ14ኛው መቶ ዘመን በአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ እጅ ወደ ግዕዝ እንደተመለሰ የሚነገርለት ይህ መጽሐፍ የዙፋን ማስረጃ ሆኖ ኖረ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመቅደላ የተወሰደውን ቅጂ እንዲመልሱላቸው ለእንግሊዞች የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1872 ነው፤ መጽሐፉም ተመለሰላቸው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም የነገሥታቱን ሐረግ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ቆጥሮ ደነገገ። ድንጋጌው ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው እስከ ወረዱ ድረስ ዘለቀ።

ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ በጎጃም በኩል፣ በቡሬ አልፈው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገብተዋል። በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ማንኩሳ ትገኛለች፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህን የትውልድ መንደር ያደረጓት ማንኩሳ። ፊታውራሪ መሸሻ ለሰብለ ወንጌል በዘር የሚመጥን ባል ሲያማርጡ ዘመኗን አሳለፉት። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ያ ቀለበት ትዝ ይለኛል፤ ፊታውራሪ ከያንዳንዱ ጠያቂ የሚሹት እርሱን ይመስላልና።

በዛብህ በስለት ለእግዚአብሔር የተሰጠ የቦጋለ መብራቱ ልጅ ነው፤ ዲማ ላይ ከሰብለ ፊት የተቀመጠው ፊደል ሊያስተምር ነበር። የሚያሳየው ቀለበት አልነበረውም። መልኩም ቢታይ የሚመስለው ማንኩሳ ላይ የሚያርሰውን አባቱን ነው።