የመተማ ቆላ በመንግሥት መዝገብና በቤተሰብ ጓዳ

መተማ ዮሐንስ የተባለችው የድንበር ከተማ ሁለተኛ ስሟን ያገኘችው፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ በዚያ ስለ ወደቁ ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም። ለዚያ ጦርነት በር የከፈተው ግን ከአምስት ዓመት በፊት ዐድዋ ላይ የተፈረመ አንድ ውል መሆኑ፣ የውሉንም ዕዳ አስቀድሞ የከፈለው የጎንደርና የደምቢያ ባላገር መሆኑ እምብዛም አይነሣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. ከእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ጋር በተደረገው ውል፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሱዳን የተከበቡት የግብጽ ወታደሮች በኢትዮጵያ ምድር አልፈው ወደ ምጽዋ እንዲወጡ ለመርዳት ተስማሙ። በለውጡም የቦጎስ አገር እንዲመለስና በምጽዋ በር የንግድ ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ተስፋ ተሰጣቸው። የመተማው የግብጽ ጦር በዚሁ ውል መሠረት ወጣ። ምጽዋ ግን ዓመት ሳይሞላ በኢጣልያኖች እጅ ገባች፤ ደርቡሾችም ኢትዮጵያን ከጠላት ቈጥረው በጥር 1880 ዓ.ም. በደምቢያ አልፈው ጎንደርን አቃጠሉ። የከብት እልቂቱና ረኃቡ ተከትሎ መጣ፤ ያንን ዘመን ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» ይለዋል። ውሉ ሲፈረም የደምቢያ ገበሬ አልተጠየቀም፤ በዚያ ዘመን የሚጠይቀውም አልነበረም።

ከዚያ በፊት መተማ ታላቅ ገበያ ነበረች። የጎንደር ነጋዴ ቡናና ሰም፣ ከብትና፣ መካድ አይቻልም፣ ባሪያም ይዞ ይወርድ ነበር፤ ጥጥና የውጭ አገር ሸቀጥ ጭኖ ይመለሳል። ከምዕራብ ሱዳን መጥተው በዚያ የሠፈሩት ተክሩሮች በራሳቸው ሼኽ ይተዳደሩ ነበር፤ ሼኹም ለኢትዮጵያም ለግብጽም ይገብር ነበር። የድንበር ሰው የሁለት ጌታ ግብር መክፈልን ከጥንት ያውቃል።

ነገር ግን ለዚህ ጽሑፍ ከገበያው ይልቅ የገበያው የጊዜ ሥርዓት ይበልጥ ይጠቅማል። የደጋው ሰው ወደ መተማ የሚወርደው በበጋ ነበር። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ አላት፤ በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሰውን የሚያስፈራው ግን ሙቀቱ ሳይሆን ንዳዱ፣ ዛሬ ወባ የምንለው በሽታ ነበር። ስለዚህ ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ሳይሞሉ ነጋዴው ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል፤ ሚስትና ሕፃን ይዞ በቆላ የሚከርም ደገኛ ከስንት አንድ ነበር። ቆላውን በክረምትም በበጋም የሚኖርበት ጉሙዙና ሌላው ነባር ሕዝብ ነው። ይህ የደጋው ቤተሰብ ያልተጻፈ ሕግ፣ ብዙ ሕይወት ተከፍሎበት የተገኘ ዕውቀት ነበር።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ወሰኑ ተበጀ፤ መተማ በወዲህ፣ ገላባት በወዲያ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን ጦር የሚመላለስበት ዘመን ነው። በ1933 ዓ.ም. መግቢያ ላይ እንግሊዞችና ኢጣልያኖች ተዋጉባት፤ በ1969 ዓ.ም. ደግሞ ኢ.ዲ.ዩ. ሁመራንና መተማን ይዞ ጥቂት ወራት ቆየ። ድንበር ተሻግሮ ገዳሪፍ የገባው ቤተሰብ ብዙ ነው።

በቤተሰብ ኑሮ ላይ ከጦርነት ባላነሰ የሠራው ግን ሠፈራ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ከታወጀ በኋላ፣ ማን የት እንደሚያርስ መወሰን የመንግሥት ሥራ ሆነ። በ1977ቱ ረኃብ ደርግ 1.5 ሚሊዮን ሰው አሠፍራለሁ ብሎ ተነሥቶ ወደ 600,000 የሚጠጋ አጓጓዘ። ከዚህ አብዛኛው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ሄደ፤ መተማ የደረሰው ጥቂት ነው። ስንቱ በግድ እንደ ተጫነ፣ ስንቱ ከዘመዱ እንደ ተለየ የዚያ ትውልድ ሰው ይናገረዋል።

የመተማ ዋና ሠፈራ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1995 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ዕቅድ በሦስት ዓመት ውስጥ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች 440,000 አባወራ፣ ማለት 2.2 ሚሊዮን ሰው ለማሥፈር ያለመ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 200,000ው አባወራ የአማራ ክልል ድርሻ ሆነ። ከወሎ፣ ከጎጃምና ከጎንደር ደጋ የተነሡት ከወረዱባቸው ወረዳዎች መተማና ቋራ ዋነኞቹ ናቸው። ቀድሞ በክልሎች መካከል የነበረው ጉዞ ቀርቶ ሠፋሪው በገዛ ክልሉ ውስጥ እንዲዛወር ተደረገ፤ ፈቃደኛነቱም በመመሪያው ሰፈረ። ለአንድ አባወራ እስከ 2 ሄክታር መሬት፣ እስከ መጀመሪያው ምርት የሚያደርስ ቀለብ፣ በብድርም በሬ እንዲሰጠው ታሰበ። አሳቢዎቹን ከልብ አልነበራችሁም ማለት አይቻልም፤ የወሎ ደጋ መሬት ተሸርሽሮና ተከፋፍሎ ልጅ የሚያሳድግ አልሆነም ነበርና።

የጠቅላላው ወጪ ግምት 1.87 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። ይህ ለ440,000 ሲካፈል ለአንድ ቤተሰብ 4,250 ብር ያህል ይደርሳል። በዚህ ብር ምን እንደሚሸፈን ለማየት፣ ደገኛው በመተማ ያገኘው ሥራ ምን እንደ ነበር መመልከት ይገባል። ሥራው ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ በሰኔ ይዘራል፤ አረሙ በሐምሌና በነሐሴ፣ አጨዳው በመስከረምና በጥቅምት ይውላል። የአጨዳው ወር ደግሞ ወባ የሚበረታበት ወር ነው። አያቱ ሸሽቶ ይወጣበት የነበረውን ወቅት የልጅ ልጁ በመንግሥት ዕቅድ ከነሕፃኑ ሊከርምበት ገባ። መሬቱ፣ ቀለቡ፣ በሬው በሒሳብ ተይዟል፤ ለጤና ጣቢያና ለመንገድም ዓምድ ነበረው። ሕመምተኛ ሆኖ የሚታጣው የሥራ ቀን ግን ዓምድ አልነበረውም። ዕጣንና ሙጫ ይሰጥ የነበረው ደን ለእርሻና ለቤት ሲመነጠር፣ ያ ጥፋትም ከነባሩ ሕዝብ ድርሻ ተቀነሰ እንጂ ከዕቅዱ ወጪ ላይ አልተደመረም።

ከመመሪያው አንድ አንቀጽ ምስጋና ይገባዋል። ሠፋሪው የለቀቀው የደጋ መሬት እስከ ሦስት ዓመት ስሙ ላይ እንዲቆይ ተፈቅዶ ነበር። በዚህ ምክንያት አባት ቀድሞ ሲወርድ እናት መሬት ጠባቂ ሆና የቀረችበት ቤት ብዙ ነው፤ ቆላው ያልተስማማውም የሚመለስበት ደጅ አላጣም። ብዙዎች ተመለሱ። ዕቅዱም ካሰበው ቁጥር ሳይደርስ ቀረ።

ከሠፋሪው ሌላ በየክረምቱ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ አለ፤ ቁጥሩም ከሠፋሪው ይበልጣል። ይህ ሰው ማደሪያ የለውም፤ በተሰነጠቀ ዋልካ መሬት ላይ፣ ከግራር ሥር ይተኛል። ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው ትንሽ ዝንብ የምትኖረውም እዚያው ነው። በሽታው ወራት ተደብቆ ቆይቶ ስለሚነሣ፣ ሠራተኛው የሚታመመው ደመወዙን ይዞ አገሩ ከገባ በኋላ ነው። በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ወረዳ እንዲህ ሆነ። መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መሰለ፤ ካላዛር መሆኑ እስኪታወቅ ብዙ ሰው ሞተ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ሕክምና ከፍቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ2,000 በላይ ሕመምተኞች ታከሙ። በሽታው ከመተማና ከሁመራ ቆላ በተመላላሽ ሠራተኞች እንደ መጣ ይታመናል፤ በኋላ ግን ቆላ ረግጠው የማያውቁ ሕፃናትም ተያዙ። ከሰሊጡ አገር የወጣው ወጪ እንዲህ ሌላ ወረዳ ላይ ተመዘገበ።

መድኃኒቱ በነጻ ይሰጥ ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕክምና ግን በየቀኑ አንድ መርፌ፣ ለ30 ቀን ነበር። ሕመምተኛው ብቻውን አይተኛም፤ ሚስቱ ወይም ልጁ አብሮ ይሰነብታል፤ የአስታማሚው ስንቅና የመሳፈሪያው ገንዘብ ከቤት ይወጣል። ከሆስፒታሉ በር ውጭ ያለውን የሚከፍል የመንግሥት መዝገብ አልነበረም። ገበሬው ፍየሉን፣ ፍየል ከሌለው በሬውን ሸጦ ወሩን ይጨርስና፣ ማሳው ሳይታረስ ወደ ቤቱ ይመለሳል።