አለት መውጣት

አለት መውጣት ሰው በእጁ እየያዘና በእግሩ እየረገጠ ቀጥ ያለ የአለት ግድግዳ የሚወጣበት፣ በመሠረቱ ከቤት ውጭ የሚካሄድ ስፖርት ነው። ከተራራ መውጣት ጋር የቅርብ ዝምድና ቢኖረውም አንድ አይደሉም። ተራራ የሚወጣ ሰው ዓላማው ጫፍ መድረስ ሲሆን፣ አለት ለሚወጣ ሰው ግን ዋናው ነገር የሚወጣበት መንገድ ነው፤ መንገዱ ከገደሉ አናት ሳይደርስ ሊያልቅም ይችላል።

ብዙ ሰው ገመዱ ሰውየውን ወደ ላይ ለመሳብ የሚያገለግል ይመስለዋል። በዛሬው ስፖርት ግን ገመድ የሚያዘው በአብዛኛው ለመውጣት ሳይሆን፣ የሚወጣው ሰው ሲወድቅ ለመያዝ ነው። ስለዚህ በገመድ አለት መውጣት የሁለት ሰዎች ሥራ ነው፦ አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ገመዱን ይይዛል።

ታሪክ

ሰዎች ለአደን፣ ማር ለመቁረጥ፣ ከጠላት ለመሸሸግ ወይም ለጸሎት ገደል መውጣት የጀመሩት ከጥንት ነው። ለስፖርት ብሎ መውጣት ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ እየተለመደ መጣ። በጀርመን፣ በድሬስደን ከተማ አቅራቢያ ሳክሰን ስዊዘርላንድ በሚባለው የአሸዋ ድንጋይ አካባቢ፣ የጂምናስቲክ ስፖርተኞች እ.ኤ.አ. በ1864 ፋልከንሽታይን የተባለውን አለት ወጡ። በእንግሊዝ ሌክ ዲስትሪክት ደግሞ ዋልተር ፓሪ ሃስኬት ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1886 ኔፕስ ኒድል የተባለውን እንደ መርፌ የቆመ አለት ብቻውን ወጣ። ይህ በእንግሊዝ አለት መውጣት ራሱን የቻለ ስፖርት የሆነበት ጊዜ ተደርጎ ይቆጠራል። ሃስኬት ስሚዝ ከ50 ዓመት በኋላም በ76 ዓመቱ ያንኑ አለት ደግሞ ወጥቶታል።

በዚያ ዘመን ገመድ የሚሠራው ከእጽዋት ቃጫ ነበር። ይህ ገመድ እምብዛም ስለማይለጠጥ በከባድ ውድቀት ሊበጠስ ይችል ነበር፤ ከፊት የሚወጣው ሰውም የመጀመሪያው ሕጉ አለመውደቅ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፋው የናይለን ገመድ ይህን ለወጠው። የሚለጠጥ ገመድ የውድቀትን ኃይል ስለሚያበርድ፣ ሰዎች ከአቅማቸው በላይ የሆነ መንገድ ሞክረው፣ ወድቀው፣ እንደገና መሞከር ቻሉ።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በዮሰሚቲ ሸለቆ የሚገኘው ኤል ካፒታን 900 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የግራናይት ግድግዳ ነው። ኖዝ የተባለው መንገዱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን፣ ዋረን ሃርዲንግና ባልደረቦቹ በአለቱ ላይ ብረት እየመቱና በብረቱ እየተንጠለጠሉ ነው የወጡት። እ.ኤ.አ. በ1993 ሊን ሂል የተባለች አሜሪካዊት ገመድና ብረቱን ለመውደቂያ መያዣ ብቻ አድርጋ፣ በእጅና በእግሯ ኃይል ይህንኑ መንገድ በመውጣት የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች። በሚቀጥለው ዓመት በ24 ሰዓት ውስጥ ደገመችው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 2017 ደግሞ አሌክስ ሆኖልድ በሌላ መንገድ ኤል ካፒታንን ምንም ገመድ ሳይኖረው ወጥቷል። ይህ ያለ ገመድ የሚደረገው አወጣጥ እጅግ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚደፍሩትና ስሕተትን የማይምር ነው።

ዓይነቶች

• ከላይ በታሰረ ገመድ መውጣት፦ ገመዱ አስቀድሞ ከመንገዱ አናት ተያይዞ ይወርዳል። የሚወድቀው ሰው ብዙ ሳይወርድ ስለሚያዝ ለጀማሪ ተመራጭ ነው።
• በመሪነት መውጣት፦ የሚወጣው ሰው ገመዱን ከታች ይዞ እየወጣ፣ በአለቱ ውስጥ ከተተከሉ ብሎኖች ጋር በየደረጃው ያያይዘዋል።
• ባህላዊ አወጣጥ፦ አለቱ አይበሳም። መሪው በስንጥቆች ውስጥ የሚሸጎጡ ብረቶችን እያስገባ ይወጣል፤ ተከትሎት የሚወጣው ይነቅላቸዋል። በሳክሰን ስዊዘርላንድ ለስላሳውን ድንጋይ ላለመጉዳት ብረት መሸጎጥ ስለማይፈቀድ ቋጠሮ ያለው ገመድ በስንጥቁ ውስጥ ይሸጎጣል።
• ቦልደሪንግ፦ ጥቂት ሜትር ከፍታ ባለው ቋጥኝ ላይ ያለ ገመድ የሚደረግ ነው። ከታች ወፍራም ፍራሽ ይነጠፋል።

ገመዱ እንዴት ይሠራል

ገመድ ያዡ ገመዱን ከወገቡ መታጠቂያ ጋር በተያያዘ መሣሪያ ውስጥ ያሳልፈዋል። መሣሪያው ገመዱን አጥፎ በሰበቃ ኃይል ስለሚይዘው እንደ ፍሬን ያገለግላል፤ በዚህ ምክንያት ቀለል ያለ ሰው ከእሱ የሚከብደውን ሊይዝ ይችላል። የገመዱን የፍሬን ጫፍ የያዘው እጅ ግን በምንም ምክንያት መልቀቅ የለበትም።

መሪው ከመጨረሻው ብሎን 3 ሜትር አልፎ ቢወድቅ፣ እስከ ብሎኑ 3 ሜትር፣ ከብሎኑ በታች ሌላ 3 ሜትር፣ በድምሩ 6 ሜትር ይወርዳል። የገመዱ መለጠጥና የላላው ርዝመት ደግሞ በዚህ ላይ ይጨመራል። የውድቀቱን ክብደት የሚወስነው ግን ርዝመቱ ብቻ አይደለም፤ ርዝመቱ ለተዘረጋው ገመድ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ከላይ ያለው ውድቀት የደረሰው 10 ሜትር ገመድ ተዘርግቶ ሳለ ከሆነ ውጤቱ 0.6 ነው። ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ መሪው ገመዱን ከምንም ሳያያይዝ ከገመድ ያዡ በታች ቢወድቅ ግን ቁጥሩ 2 ይደርሳል፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው።

የአስቸጋሪነት ደረጃ

መንገዶች እንደ ክብደታቸው ደረጃ ይሰጣቸዋል። በአሜሪካ የሚሠራበት የዮሰሚቲ መለኪያ በገመድ የሚወጡ መንገዶችን ከ5.0 ጀምሮ እስከ 5.15 ይመድባል። በብዙ አገሮች የተለመደው የፈረንሳይ መለኪያ ደግሞ ቁጥርንና የላቲን ፊደልን ያጣምራል። በዚህ መለኪያ በ9ኛው ቁጥር ሦስተኛው ፊደል የተሰጠው የመጀመሪያው መንገድ፣ ቼካዊው አዳም ኦንድራ እ.ኤ.አ. በ2017 በኖርዌይ ፍላታንገር የወጣው ሳይለንስ ነው።

ውድድር

ውድድር የሚካሄደው በሰው ሠራሽ ግድግዳ ላይ ነው። ስፖርቱ ወደ ኦሎምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ 2020 ውድድር ነው። የስሎቬንያዋ ያንያ ጋርንብሬት በቶኪዮም በፓሪስ 2024ም የወርቅ ሜዳሊያ አግኝታለች። በፓሪስ የፍጥነት ውድድር ለብቻው ሜዳሊያ የተሰጠበት ሲሆን፣ የኢንዶኔዥያው ቬድሪክ ሌዮናርዶ 15 ሜትሩን ግድግዳ በ4.75 ሰከንድ ወጥቶ አሸንፏል።

አደጋና ጥንቃቄ

በደንብ የተያዘ ዘመናዊ ገመድ በተለመደ ውድቀት ራሱ አይበጠስም ማለት ይቻላል፤ ስለት ባለው ድንጋይ ሊቆረጥ ግን ይችላል። ከዚህ ይልቅ ተደጋግሞ የሚታየው የሰው ስሕተት ነው፦ ያላለቀ ቋጠሮ፣ ያልተቆለፈ ማያያዣ፣ አጭር ገመድ፣ ያልተሰማ ትእዛዝ።

ልምድም ከዚህ አያድንም። ሊን ሂል እ.ኤ.አ. በ1989 በፈረንሳይ ቡ በተባለ ቦታ ለመውጣት ስትዘጋጅ ገመዱን በመታጠቂያዋ ውስጥ ካሳለፈች በኋላ ሐሳቧ ተከፋፍሎ ቋጠሮውን ሳትጨርስ ቀረች። መንገዱን ጨርሳ ለመውረድ ወደ ኋላ ስትደገፍ ገመዱ ሾልኮ ወጣ፤ ከ20 ሜትር በላይ ወደቀች። ዛፍ ላይ በማረፏ ሕይወቷ ተረፈ። በዓለም ከታወቁት አንዷ የነበረች ስፖርተኛ የሳተችው ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን የሚማረውን ነገር ነበር።

በዚህ ምክንያት ከመሬት ከመነሣት በፊት ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ ይፈታተሻሉ። የሚወጣው የገመድ ያዡን መሣሪያና የማያያዣውን መቆለፍ፣ ገመድ ያዡ ደግሞ የሚወጣውን ሰው መታጠቂያና የስምንት ቁጥር ቋጠሮ በዓይንና በእጅ ያረጋግጣሉ። ሲወርዱ ገመዱ አልቆ ከመሣሪያው እንዳይሾልክም የታችኛው ጫፍ ይቋጠራል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ገደል መውጣት ከስፖርት በፊት ከገዳማት ሕይወት ጋር የተያያዘ ነው። በትግራይ ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚገባው 15 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ገደል በገመድ ተወጥቶ ነው፤ በገዳሙ ሥርዓት መሠረትም የሚወጡት ወንዶች ብቻ ናቸው። እንግዳው በወገቡ ጠፍር ይታሰርለታል፣ ከላይ ያለ ሰውም ጠፍሩን ይዞ ይስባል። ከላይ በታሰረ ገመድ የሚወጣ ስፖርተኛ ደኅንነቱን የሚጠብቀው በተመሳሳይ መንገድ ነው። በገርዓልታ የሚገኘው የአቡነ የማታ ጉህ ቤተ ክርስቲያንም በባዶ እግር፣ በአለቱ ላይ ያሉትን መያዣዎችና መርገጫዎች ተከትሎ የሚደረስበት ነው።

አሜሪካዊቷ ማይካ በርሃርት እ.ኤ.አ. በ2007 ከባልደረቦቿ ጋር በትግራይ የአሸዋ ድንጋይ ላይ ወጥታ ስለ ጉዞው መጽሐፍ ጽፋለች። የአሸዋ ድንጋይ ሲርስ ጥንካሬው ስለሚቀንስ ከዝናብ በኋላ እስኪደርቅ አይወጣበትም። ቤተ ክርስቲያን፣ መቃብር ወይም ጥንታዊ ሥዕል ባለበት አለት ላይ መውጣትም ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ አይገባም።

ለጀማሪዎች

መጀመር የሚገባው ልምድ ካለው ሰው ጋር፣ ከላይ በታሰረ ገመድ ነው። ለዕቃ ማሰሪያ ወይም ለልብስ ማስጫ የሚሸጥ ገመድ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ውድቀትን እንዲያበርድ ሆኖ የተሠራና የተፈተነ ገመድ ያስፈልጋል። ከእሱ ጋር መታጠቂያ፣ የራስ ቁር፣ የሚቆለፉ ማያያዣዎችና ለስላሳ የጎማ ሶል ያለው ጠባብ ጫማ ይያዛሉ። እጅ በላብ እንዳያዳልጥ የማግኒዥየም ካርቦኔት ዱቄት ይቀባል።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ በክንዱ ተንጠልጥሎ ቶሎ ይደክማል። ክብደትን በእግር ላይ አድርጎ፣ ክንድን ዘርግቶ፣ ቀጣዩን መርገጫ አይቶ መነሣት ኃይል ይቆጥባል። የጣት ጅማት ከጡንቻ ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር በመጀመሪያዎቹ ወራት በትናንሽ መያዣዎች ላይ ጣትን ማስጨነቅ ለጉዳት ይዳርጋል። ከመውጣት በፊት ደግሞ ገመድ መያዝን መማር ይበጃል፤ የሌላውን ሰው ሕይወት የሚይዘው ያ እጅ ነውና።