«በ»፦ ትንሽ ቃል፣ ትልቅ ዝምድና



ከዓመታት በፊት እዚህ ባሕር ዳር ልጆችን ቁርአን ሳስቀራ፣ አንድ ትንሽ ደረሳ ለውሁን ጭኑ ላይ አድርጎ «በአላህ ስም» ብሎ ሊጀምር ሲል በቁጣ አቋረጥኩት። «ይህ የቤት ቋንቋ ነው፤ እዚህ አይገባም» አልኩት። ልጁ አንገቱን ደፋ። በዚያ ቀን ድምፁ ዳግም አልተሰማም።

እርግጥ ነው፣ ቁርአን የሚቀራው በወረደበት ቋንቋ ነው፤ ልጁን ማረሜ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቴ የእናቱን ቋንቋ ለዲኑ ባዕድ አድርጌ ማሳየቴ ነው። ባዕድ ያልኩት ቃል «ቢስሚላህ» ውስጥ ተቀምጦ ነበርና።

እስቲ አብረን እንፍታው። «ቢስሚላህ» ሦስት ቃላት ናቸው፦ «ቢ»፣ «ኢስም» እና «አላህ»። «ኢስም» የኛው «ስም» ነው። «ቢ» ደግሞ የኛዋ «በ» ናት።

«ታዲያ ከዐረብኛ ተውሰናት ይሆን?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከመወለዳቸው ከ200 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በግእዝ ባስቀረጸው ድንጋይ ላይ ድሉን በሰማይ ጌታ ኃይል እንዳገኘ ሲናገር የጀመረው በዚችው «በ» ነው። የዕብራይስጡ ተውራትም የመጀመሪያ ቃሉ በእርሷ ይነሳል። ትግርኛም «ብ» ይላታል። እነዚህ ቋንቋዎች ሴማዊ የሚባል የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ቃሏም የጋራ ውርሳቸው ናት።

ሥራዋንም ተመልከቱ። ዓሣ አጥማጁ በሌሊት፣ በታንኳ፣ በጣና ይሄዳል፤ ጊዜውን፣ መሣሪያውንና ቦታውን የያዘችው አንዲት «በ» ናት። ዐረብኛውም «ቢለይል» ሲል በሌሊት፣ «ቢበድር» ሲል በበድር ማለቱ ነው። በ2ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን የነበረው የሰዋስው ሊቅ ሲበወይህ የዚህች ቃል መሠረታዊ ትርጉም «ኢልሳቅ»፣ ማለትም አንዱን ነገር ከሌላው ማያያዝ ነው ብሏል።

«ቢስሚላህ» ስንል ታዲያ ከአላህ ስም ጋር የምናያይዘው ምንድን ነው? የምንሠራውን ሥራ ነው። በ6ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን የነበረው ዘመኽሸሪ «አል-ከሻፍ» በተባለው ተፍሲሩ፣ ያልተነገረው ግስ ከስሙ በኋላ እንደሚታሰብ ገልጿል፤ ስሙ ይቅደም፣ ሥራው ይከተል። አማርኛችን ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣልና «በአላህ ስም እጀምራለሁ» ስንል ሳናውቀው ይህንኑ ሥርዓት እንጠብቃለን።

ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የሚመሳሰል ቃል ሁሉ ትርጉሙ አንድ አይደለም። የዐረብኛው «ቀለም» መጻፊያው ብዕር ሲሆን የኛው «ቀለም» ግን የሚጻፍበት ፈሳሽ ነው። ስለዚህ መምህር መጠየቅ ግድ ነው።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ «ቢስሚላህ ምን ማለት ነው?» ሲላችሁ አትቆጡት፤ በአፉ ካለችው «በ» ጀምሩለት። የቋንቋዎች መለያየት ከአላህ ተአምራት አንዱ መሆኑን ሱረቱ ሩም ያስተምረናል። በሱረቱ ሁድም ነቢዩ ኑሕ (ዐ.ሰ) መርከቢቱ መሄዷም መቆሟም በአላህ ስም መሆኑን ተናግረዋል። የጣናው ታንኳ ከዳር ሲነሳ «ቢስሚላህ» የሚለው ቀዛፊም ያችኑ ትንሽ ቃል ይዟል።

ያ ደረሳ ዛሬ አድጓል። ይህን ካነበበ አፉ ይበለኝ።

ወላሁ አዕለም።