የመብራት ምርቃት ከማን ኪስ ይወጣል?

በብሪታንያ የቤት መብራትና ጋዝ የሚሸጡ ኩባንያዎች ለደንበኞቻቸው ነጥብ ማደል ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ነጥቡ በሱፐርማርኬት ካርድ ላይ ይጠራቀማል፣ ወይም በኩባንያው የስልክ መተግበሪያ ውስጥ ይቆጠራል፤ ውሎ አድሮ ቡና፣ የገበያ ቫውቸር ወይም ከቢል ላይ የሚቀነስ ጥቂት ፓውንድ ይሆናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሼባማይልስ አባል የሆነ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም። ለንደን ወይም ሊድስ ተከራይቶ የሚኖር ወገናችንም አቅራቢ ልምረጥ ባለ ቁጥር እንዲህ ያለ ግብዣ ያጋጥመዋል። ግብዣው ያዋጣል? እኔ የምመልሰው ከታሪኩ ተነሥቼ ነው፤ ታሪኩ ደግሞ ከነጥብ ካርዶች አንድ ምዕተ ዓመት ቀድሞ ይጀምራል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የእንግሊዝ ጋዝ ኩባንያዎች ወደ ድሃው ሠራተኛ ቤት መግባት ፈለጉ። ሠራተኛው ግን የሦስት ወር ቢል በአንዴ የሚከፍልበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ምድጃ መግዛትማ የማይታሰብ ነበር። መላው ሳንቲም የሚገባበት ቆጣሪ ሆነ። አንድ ፔኒ ሲከቱበት የአንድ ፔኒ ጋዝ ይለቃል። ኩባንያው ምድጃውንና ቧንቧውን ያለ ቅድሚያ ክፍያ ይገጥማል፤ ወጪውን ግን በጋዙ ዋጋ ላይ አክሎ ያስመልሳል። ስለዚህ በሳንቲም የሚገዛው ድሃ በቢል ከሚከፍለው ጎረቤቱ ይልቅ ጋዙን በውድ ያገኘው ነበር። የዚህ ሥርዓት አንዱ ልማድ በተለይ ትኩረቴን ይስበዋል። ሰብሳቢው መጥቶ ቆጣሪውን ሲከፍት ሳንቲሞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ ይቆጥራል፤ ቆጣሪው ከተገቢው ዋጋ አስበልጦ ስለሚያስከፍል ትርፉን ለቤቱ እመቤት ይመልስላታል። ለእሷ ያልታሰበ ሲሳይ ነው። የተመለሰላት ግን ቀድሞ የተወሰደባት የራሷ ገንዘብ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ዲትሮይት ኤዲሰን የተባለው የመብራት ኩባንያ ደግሞ አምፖል ያድል ነበር። ከ1886 ጀምሮ (መጀመሪያ በቀዳሚው ኩባንያ ስም) ደንበኛው የተቃጠለ አምፖሉን ይዞ ሲመጣ አዲስ ይሰጠዋል፤ ተጨማሪ ክፍያ የለም። በ1972 ብቻ ኩባንያው ከ18 ሚሊዮን በላይ አምፖል አደለ፤ ወጪው ከ2.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ይህ ወጪ ለሚሺጋን ግዛት ተቆጣጣሪ በቀረበው ሒሳብ ውስጥ ኤሌክትሪክ ለማቅረብ ከወጡት ወጪዎች እንደ አንዱ ተመዝግቧል። አምፖሉን የወሰደም ያልወሰደም በየወሩ ዋጋውን ይከፍል ነበር ማለት ነው። ጉዳዩን ፍርድ ቤት ያደረሰው አምፖል የሚሸጥ አንድ የመድኃኒት መደብር ባለቤት ነው፤ በነፃ ከሚታደል ዕቃ ጋር ማን ሊወዳደር ይችላል? በ1976 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የግዛቱ ተቆጣጣሪ ታሪፉን ማጽደቁ ኩባንያውን ከፀረ ሞኖፖል ሕግ እንደማይከልለው ወሰነ።

የእኛ አገር ገበያ ላይ ባለ እህሏ ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ ከላይ ጨመር የምታደርገውን ምርቃት ሁላችንም እንወደዋለን። እዚያ ግን ዋጋው አስቀድሞ ፊት ለፊት ተነግሯል፤ ከጎኗ ያለችው ሻጭ ስንት እንደምትልም ሰምተናል። የምርቃቱን እውነተኛነት የሚያረጋግጥልን ይኸው ነው። የፔኒው ቆጣሪና የዲትሮይቱ አምፖል ይህ ማረጋገጫ የላቸውም፤ ስጦታውም ዋጋውም በአንድ ቢል ውስጥ ስለተቀላቀሉ ደንበኛው መለየት አይችልም። እኔ የዛሬውን ነጥብ የምመዝነው በዚህ ነው።

ወደ ነጥብ የመራው ሌላው መንገድ በችርቻሮ ንግድ በኩል ያልፋል። በ1844 የእንግሊዟ ሮችዴል ከተማ የኅብረት ሥራ አባቶች ለአባሎቻቸው በገዙት መጠን ከትርፉ ማካፈል ጀመሩ። ባለቤቶቹ ራሳቸው ገዢዎቹ ስለነበሩ ይህን ስጦታ ማለት አይቻልም፤ ድርሻቸው ነው። ቀጥሎ በ1896 አሜሪካ ውስጥ የኤስ ኤንድ ኤች አረንጓዴ ቴምብር መጣ፤ በ1958 ሪቻርድ ቶምፕኪንስ የተባለ ነጋዴ ግሪን ሺልድ በሚል ስም ብሪታንያ ውስጥ ተመሳሳዩን አቋቋመ። ለ6 ፔኒ ግዢ አንድ ቴምብር ይሰጣል፤ ቴምብሩ በደብተር ላይ ይለጠፋል፤ ደብተሩ ሲሞላ በዕቃ ይለወጣል። ቴስኮ የተባለው የሱፐርማርኬት ድርጅት በ1963 ገባበት። በ1977 ግን ቴስኮ ቴምብሩን ጥሎ ለቴምብር የሚያወጣውን ገንዘብ የሸቀጥ ዋጋ ለመቀነስ አዋለው፤ ገዢውም ጎረፈለት። ደንበኛ ምርጫ ሲቀርብለት ከቴምብሩ የዋጋ ቅናሹን እንደመረጠ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላውቅም። ያው ቴስኮ በ1995 ክለብካርድ የተባለውን የነጥብ ካርድ ይዞ የተመለሰው ካርዱ ቴምብር የማያውቀውን ነገር ስለሚያውቅ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደገዛ ይመዘግባል።

በቴምብሩ ዘመን የብሪታንያ መብራትና ጋዝ የመንግሥት ነበሩ፤ መብራቱ ከ1948፣ ጋዙ ከ1949 ጀምሮ። አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን ትቶ ወደ ሌላ መሄድ እንደማይቻል ሁሉ፣ የበርሚንግሃም ነዋሪም ከአካባቢው የኤሌክትሪክ ቦርድ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። መሄጃ ለሌለው ደንበኛ ማባበያ አያስፈልገውም። ብሪቲሽ ጋዝ በ1986፣ የአካባቢ ኤሌክትሪክ ኩባንያዎች በ1990 አክሲዮናቸው ለሕዝብ ተሸጠ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የጋዝ ሻጩን መምረጥ የቻለው በ1998፣ የመብራቱን ደግሞ በ1999 ነው።

ያኔ አንድ ችግር ተፈጠረ። በሽቦው የሚመጣው ኤሌክትሪክ ሻጩ ማንም ይሁን ማን አንድ ነው፤ አምፖሉ ልዩነቱን አያውቅም። ስለዚህ ሻጮቹ በዋጋ ይፎካከራሉ፣ አለዚያም ዓይንን ከዋጋው የሚያነሣ ነገር ይፈልጋሉ። ብሪቲሽ ጋዝ ገበያው ሙሉ በሙሉ ከመከፈቱ በፊት፣ በ1996፣ ጎልድፊሽ የተባለ ክሬዲት ካርድ አውጥቶ፣ በነጥቡ የጋዝ ቢል እንዲቀነስ አደረገ። በ2002 ኔክታር የተባለው የብዙ ድርጅቶች የጋራ ካርድ ተመሠረተ፤ የመብራት ሻጩ ኢዲኤፍ ኢነርጂ ከጊዜ በኋላ ተቀላቀለው፤ ቆይቶ ብሪቲሽ ጋዝም ገባ። ኢ.ኦን የተባለው አቅራቢ ከቴስኮ ክለብካርድ ጋር ተጣመረ። የችርቻሮ ድርጅቶቹ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰርና ሴንስበሪም በስማቸው መብራት አስሸጡ። በር እያንኳኩ የሚሸጡ ሠራተኞችም ነበሩ፤ እንግሊዝኛ ያልበረታለት ስደተኛ ሲያባብሉት እምቢ ለማለት ይቸገራል። ኤስኤስኢ የተባለው አቅራቢ ለደንበኞች በተሳሳተ መረጃ በመሸጡ በ2013 በተቆጣጣሪው በኦፍጄም 10.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጥቷል።

ነጥብ ለምን ዓይንን ከዋጋ ያነሣል? ገንዘብ ሳይሆን ገንዘብ ስለሚመስል ነው። 1,000 የክለብካርድ ነጥብ ቴስኮ ውስጥ 10 ፓውንድ ነው። 1,000 የኔክታር ነጥብ 5 ፓውንድ ነው። ኦክቶፐስ ኢነርጂ የተባለው አቅራቢ የሚያድለው ኦክቶፖይንት 800ው አንድ ፓውንድ ስለሆነ 1,000ው 1 ፓውንድ ከ25 ፔንስ ብቻ ነው። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ዋጋው እስከ ስምንት እጥፍ ይለያያል። በዚያ ላይ የነጥቡን ዋጋ የሚተምነው ሰጪው ብቻ ነው። ቴስኮ ቫውቸሩን በአጋር ድርጅቶች ዘንድ ለሚጠቀም ሰው እስከ አራት እጥፍ ይሰጥ የነበረውን በ2018 ወደ ሦስት፣ በ2023 ደግሞ ወደ ሁለት እጥፍ አወረደው። ለዓመታት ያጠራቀመ ሰው ይግባኝ የሚልበት ቦታ የለውም።

አሁን ከታሪፉ ጋር እናስተያየው። ኦፍጄም የአንድ መካከለኛ ቤት የዓመት ፍጆታ አድርጎ በ2023 ያስቀመጠው ቁጥር 2,700 ኪሎዋት ሰዓት መብራትና 11,500 ኪሎዋት ሰዓት ጋዝ ነው። የጋዙ ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት በአንድ ፔኒ ብቻ ቢለያይ በዓመት 115 ፓውንድ ይሆናል። ይህን ለማካካስ 23,000 የኔክታር ወይም 92,000 የኦክቶፐስ ነጥብ ያስፈልጋል። ስለዚህ የአቅራቢ ምርጫ በነጥብ ሊወሰን አይገባም ስል አላመነታም። የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ፣ የዕለቱ ቋሚ ክፍያና ውል ለማፍረስ የሚጠየቀው ገንዘብ ሲታዩ ሁለት አቅራቢዎች እኩል ከሆኑ፣ ያኔ ነጥብ የሚሰጠውን መምረጥ ተገቢ ነው፤ እውነተኛ ምርቃት የሚሆነው በዚያን ጊዜ ነው።

አቅራቢ ባለመቀየር ስንት እንደሚከፈል የታወቀው በ2016 ነው። የብሪታንያ የውድድርና ገበያዎች ባለሥልጣን ከረጅም ምርመራ በኋላ እንዳስታወቀው፣ ከስድስቱ ትልልቅ አቅራቢዎች የቤት ደንበኞች 70 በመቶ ያህሉ በውዱ መደበኛ ታሪፍ ላይ ነበሩ፤ አቅራቢ ቢቀይሩ በዓመት ከ300 ፓውንድ በላይ ማዳን የሚችሉ ነበሩ። ዝቅተኛው ዋጋ ለአዲስ መጪ፣ ከፍተኛው ለነባር ደንበኛ ነበር ማለት ነው። ታማኝነትን እሸልማለሁ የሚለው ነጥብ የሚታደለው በዚሁ ገበያ ውስጥ ነበር፤ ይህን ሳስብ እቆጣለሁ። የሚጎዱት አዛውንቱ፣ ኢንተርኔት የማይጠቀሙት፣ በቋንቋው የማይተማመኑት ናቸው።

ፓርላማው በ2018 ሕግ አወጣ፤ ከጥር 2019 ጀምሮ በመደበኛ ታሪፍ ላይ ጣሪያ ተደረገ። ለመካከለኛ ቤት የመጀመሪያው ጣሪያ በዓመት 1,137 ፓውንድ ነበር። ከዚያ የ2021 የጋዝ ዋጋ ንረት መጣ፤ 30 የሚጠጉ አቅራቢዎች ወደቁ፤ ጣሪያው በጥቅምት 2022 ወደ 3,549 ፓውንድ ወጣ፤ መንግሥት ደጉሞ 2,500 ላይ ያዘው። ሁሉም አቅራቢ ጣሪያው ላይ በተደረደረበት በዚያ ወቅት የሚቀየርበት ርካሽ ቦታ ጠፋ። አቅራቢዎችን የሚለያያቸው አገልግሎታቸውና ነጥባቸው ብቻ ሆነ።

በዚያው ክረምት ግን ከቀድሞው በዓይነቱ የተለየ ነጥብ ተወለደ። የብሔራዊ መስመሩ አስተዳዳሪ፣ ሰው ሁሉ እራት በሚያበስልበት የምሽት ሰዓት ፍጆታቸውን ለሚቀንሱ ቤቶች የሚከፈል ገንዘብ መደበ፤ በሙከራዎቹ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ቅናሽ ቢያንስ 3 ፓውንድ። መብራቱ ራሱ ያኔ በኪሎዋት ሰዓት ወደ 34 ፔንስ ይሸጥ ነበር። 1.6 ሚሊዮን ቤቶችና ድርጅቶች ተሳትፈው ከ3,300 ሜጋዋት ሰዓት በላይ ቀነሱ። ኦክቶፐስ ክፍያውን በነጥብ አደለ፤ ብሪቲሽ ጋዝ ደግሞ ቆይቶ የእሑድ ቀትርን መብራት በግማሽ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። ይህኛውን ነጥብ እደግፋለሁ። ደንበኛው የልብስ ማጠቢያውን ሰዓት ሲያዛውር መስመሩ ውድ የማመንጫ ጣቢያ ከማስነሣት ይድናል፤ ከዳነው ወጪ ለእሱም ይደርሰዋል። ሠርቶ ያገኘው ክፍያ ነው። ጉድለቱ የግማሽ ሰዓት ፍጆታ የሚያስተላልፍ ስማርት ቆጣሪ የሌለው ሰው አለመካተቱ ነው። አከራዩ ቆጣሪ የማያስቀይርለት ተከራይ፣ ሌሊት ሠርቶ የሚገባና ምግቡን በዚያው ምሽት የግድ የሚያበስል ሰው፣ ማሞቂያውን ማጥፋት የማይችል ታማሚ ከዚህ ነጥብ ውጭ ናቸው።

እኔ ከተቆጣጣሪዎች የምጠብቀው ከባድ ነገር አይደለም፤ አርአያም አለው። ዳላስና ሂውስተን ውስጥ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚያውቁት የቴክሳስ ገበያ፣ ከ2002 ጀምሮ ለውድድር ክፍት የሆነው፣ እንደ «ሌሊት በነፃ» ባሉ ማባበያዎች የተሞላ ነው፤ የሌሊቱ ነፃነት በቀኑ ታሪፍ ላይ ተጨምሯል። ነገር ግን እያንዳንዱ ሻጭ ደንበኛው በወር 500፣ 1,000 ወይም 2,000 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም አማካይ ዋጋው ስንት ሳንቲም እንደሚመጣ በአንድ ወረቀት ላይ እንዲያሳይ ይገደዳል። በብሪታንያም ነጥብ የሚያድል አቅራቢ ሁሉ የነጥቡን ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት በፔንስ ተምኖ ከታሪፉ ጎን በዚያው መጠን ፊደል እንዲጽፍ ይታዘዝ።