ራስ-ሰብሳቢነት፦ ብርሃን የራሱን ሌንስ ሲሠራ

ሳሪስ ውስጥ ላሜራ በሌዘር የሚቆርጥ ቤት ጎራ ያለ ሰው ይህን ሊያይ ይችላል፦ ጠዋት ጥርት ብሎ ይቆረጥ የነበረው ብረት ከሰዓት በኋላ ከሥሩ የቀለጠ ነገር ያንጠለጥላል። ባለሙያው ቀድሞ የሚፈታው ከሌንሱ ሥር ያለችውን መከላከያ መስታወት ነው። አቧራና የብረት ፍንጣሪ የያዘች መስታወት ከጨረሩ ጥቂቱን ወደ ሙቀት ትለውጣለች፤ መሐሏ ሲግል ሌንስ ሆና ታርፈዋለች። የጨረሩ ማረፊያ ነጥብም ወደ ላይ ይሸሻል።

እዚህ ጥፋተኛው ሙቀት ነው። ሙቀት በሌለበት፣ በንጹሕ መስታወት ውስጥም ብርሃን የራሱን ሌንስ የሚሠራበት ጊዜ አለ። የፊዚክስ ሊቃውንት «ሴልፍ ፎከሲንግ» ይሉታል፤ እኔ «ራስ-ሰብሳቢነት» ብየዋለሁ፣ ጨረር ከሚሰበስበው ሌንስ ወስጄ። (የቀበሌ ስብሰባ ትዝ የሚለው አንባቢ ይታገሠኝ።)

መስታወት ብርሃንን ያዘገያል፤ ብርሃኑ እጅግ ሲበረታ ደግሞ ይበልጥ ያዘገየዋል። የሌዘር ጨረር መሐሉ ከዳሩ ስለሚደምቅ መሐሉ ወደኋላ ይቀራል። ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከሚሄዱ ሰዎች መካከለኞቹ ጭቃ ቢገቡ ዳርና ዳር ያሉት ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ ጨረሩም እንደዚያው ይጠባል። ሲጠብ ይበረታል፣ ሲበረታ የባሰ ይጠባል፤ በመጨረሻ መስታወቱ ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ ጠባሳ ይተዋል። የፊዚክስ ሊቁ ጉርጌን አስካርያን ይህን የተነበየው እ.ኤ.አ. በ1962፣ የመጀመሪያው ሌዘር በተሠራ በሁለት ዓመቱ ነው።

የሚገርመው፣ ጨረሩን ማስፋት አያድንም። ሰፊ ጨረር ጥንካሬው ይቀንሳል፤ ግን በተፈጥሮው የመበተን ዝንባሌውም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ መስፋቱ ነገሩን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። የሚወስነው በዋት የሚለካው ጠቅላላ ኃይል ነው። በንጹሕ የሲሊካ መስታወት፣ ለዓይን በማይታየው ቀይ-ዘለል (ኢንፍራሬድ) ብርሃን፣ ወሰኑ ወደ 4 ሜጋዋት ይጠጋል። ባለ 3 ኪሎዋት የላሜራ መቁረጫ የዚህን ሺሕኛ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን 1 ሚሊጁል ብቻ በ10 ፒኮሰከንድ ውስጥ ቢለቀቅ 100 ሜጋዋት ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1985 ዶና ስትሪክላንድና ዤራር ሙሩ፣ ኃይሉ እንዲቀንስ፣ ብርሃኑን በስፋት ሳይሆን በጊዜ ዘረጉት፤ አርዝመው አጎለበቱት፣ ከዚያ መልሰው አሳጠሩት። እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። በትልልቆቹ ሌዘሮች ይህ የማሳጠር ሥራ የሚከናወነው አየር ተመጦ በወጣለት ክፍል ነው፤ ኃይሉ በጊጋዋት ሲቆጠር አየሩም ሌንስ ይሆናልና።