ሕዋስና ሥጋ ደዌ፤ ከበርገን እስከ ዘነበወርቅ

በትምህርት ቤቶቻችን የሕዋስ ትምህርት ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በሥዕል ነው። መምህሩ በሰሌዳው ላይ ክብ ነገር ይሥላል፤ ዙሪያውን ገለፈት፣ መካከሉን ኑክለስ፣ የቀረውን ሳይቶፕላዝም ብሎ ይሰይማል፤ ተማሪውም ገልብጦ ያጠናል። ታሪኩም እንዲሁ ባጭሩ ይነገረዋል። ሁክ በለንደን፣ ሽላይደንና ሽዋን በጀርመን አገር ይህንና ያንን አገኙ ይባላል። ከዚህም የተነሣ ሕዋስ በሩቅ አገር የተገኘ፣ በሩቅ አገርም ተጠንቶ ያለቀ ጉዳይ ይመስለዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ከሕዋስ ታሪክ አንዱ ምዕራፍ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ ከአየር ጤና ብዙም በማይርቀው በዘነበወርቅ ሰፈር መጻፉን ማሳየት ነው። ምዕራፉ የተጻፈውም ኅብረተሰቡ ከመካከሉ ካወጣቸው ሰዎች በተወሰደ ደምና ቆዳ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ይገባል። ሕዋስ የግዕዝ ቃል ነው። ሊቃውንቱ ማየትን፣ መስማትን፣ ማሽተትን፣ መቅመስንና መዳሰስን «አምስቱ ሕዋሳት» ሲሉ ኖረዋል። የዘመናችን የሥነ ሕይወት ትምህርት ይህንኑ ቃል ወስዶ የሕያዋን ሁሉ አካል ለተገነባበት ጥቃቅን ክፍል ሰጠው። ሁለቱ ትርጉሞች በተማሪው ደብተር ላይ እምብዛም አይገናኙም። በሥጋ ደዌ ግን ይገናኛሉ፤ ይህ በሽታ አንዱን ሕዋስ አጥቅቶ ሌላውን ሕዋስ፣ ማለትም መዳሰስን፣ ያጠፋልና።

ሮበርት ሁክ በ1665 ባሳተመው መጽሐፉ በማይክሮስኮፕ ያየውን የቡሽ ቁራጭ ገልጾ፣ በውስጡ የተደረደሩትን ባዶ ክፍሎች ትንንሽ ጓዳዎች ብሎ ሰየማቸው። ያየው ግን የሞተውን ሕዋስ ግድግዳ እንጂ ሕያዉን ሕዋስ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ከአንድ መቶ ሰባ ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ ማቲያስ ሽላይደን በ1838 ዕፀዋት፣ ቴዎዶር ሽዋን በ1839 እንስሳት ከሕዋሳት የተገነቡ መሆናቸውን አስረዱ። ሽዋን በዚሁ ሥራው ነርቭን እንደ ሽፋን የከበቡትን ሕዋሳት ገልጾ ስለ ነበር፣ እስከ ዛሬ «የሽዋን ሕዋስ» ተብለው በስሙ ይጠራሉ። ሮበርት ሬማክ ቀደም ብሎ ያሳየውን አሳብ ሩዶልፍ ቪርኮ በ1858 አስፋፍቶ፣ ሕዋስ የሚገኘው ከሕዋስ ብቻ መሆኑን፣ በሽታም በመላው አካል ላይ በደፈናው የሚወርድ ነገር ሳይሆን በሕዋሳት ውስጥ የሚፈጸም ለውጥ መሆኑን አስተማረ።

ሥጋ ደዌና የሕዋስ ትምህርት የተገናኙት በኖርዌይ በበርገን ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ ኖርዌይ በሥጋ ደዌ ክፉኛ የተጠቃች አገር ነበረች። በ1847 ስለ በሽታው ታላቅ መጽሐፍ ያሳተሙት ዳንኤል ዳንየልሰንና ካርል ቦክ ደዌው በዘር የሚወረስ ነው የሚል እምነት ነበራቸው። ስለዚህ «የዘር ነው» የሚለው አስተሳሰብ የእኛ አገር ገጠር ብቻ ያፈለቀው አይደለም፤ በጊዜው የነበሩ ምሁራንም ይደግፉት ነበር። ቪርኮ በ1859 ወደ ኖርዌይ ተጉዞ የታማሚዎችን ቆዳ ሲመረምር፣ በውስጣቸው አረፋ የመሰለ ነገር የሞላባቸው ትልልቅ ሕዋሳት አየ። ሕዋሳቱ በእርሱ ስም ተጠሩ። በውስጣቸው ያለውን ነገር ግን አልለየውም።

ይህን የለየው የዳንየልሰን ረዳትና አማች የነበረው ጌርሃርድ አርማወር ሃንሰን ነው። በ1873 ከታማሚዎች እብጠት በወሰደው ናሙና ውስጥ በትር መሰል ጥቃቅን ነገሮችን በሕዋሳት ውስጥ አገኘ፤ የበሽታው መንሥኤም እነዚሁ ናቸው ብሎ ተነሣ። አማቹ የዘር በሽታ ነው ሲል የጻፈውን ሃንሰን ተላላፊ መሆኑን አመለከተ። ይሁን እንጂ ባሲሉን ከሰው አካል ውጪ ማሳደግ አልተቻለም። ሃንሰን ማስረጃ ፍለጋ በ1879 ያላስፈቀዳትን አንዲት ታማሚ ዐይን በናሙና ወጋ፤ በዚህም ምክንያት ፍርድ ቤት በ1880 ከሆስፒታል ሥራው እንዲወገድ አደረገ። ይህ የታሪኩ ክፍል ሊሸፈን አይገባውም። የታማሚ አካል የተመራማሪ ንብረት አይደለምና።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የልዕልት ዘነበወርቅን ስም የያዘው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በጅማ መንገድ አጠገብ የተመሠረተው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡት ታማሚዎች ብዙዎቹ ከዳኑ በኋላም ወደ ቀያቸው ለመመለስ ፊት ስለ ተነሡ፣ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፣ ልጆች ወልደው፣ ሰፈር መሥርተው ቀሩ። በ1965 በዚሁ ቦታ መላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ማለትም አለርት፣ ተቋቋመ። በ1970 ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሣሽነትና በኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ድጋፍ የምርምር ተቋም ከጎኑ ተመሠረተ። ለተቋሙ የተሰጠው ስም አርማወር ሃንሰን ነው። እንግዲህ የሃንሰን ባሲል፣ የቪርኮ ሕዋስና የሽዋን ሕዋስ በዘነበወርቅ በአንድ ጣራ ሥር ተገናኙ ማለት ነው።

ባሲሉ በሕዋስ ውስጥ የሚያደርገውን ለመረዳት የሕዋስን ሥራ በቅደም ተከተል መመልከት ያሻል። ማክሮፌጅ የተባለው የመከላከያ ሕዋስ ባዕድ ነገር ሲያገኝ ገለፈቱን አጥፎ እንደ ከረጢት ይጠቀልለዋል። ከዚያም ላይሶዞም የተባለው፣ የሚፈጩ ኤንዛይሞችን የያዘው ሌላ ከረጢት ከመጀመሪያው ጋር ይዋሐድና የተዋጠውን ያሟሟዋል። ኢሊያ ሜችኒኮፍ ይህን የመዋጥ ሥራ በ1882 በባሕር ኮከብ ዕጭ ላይ አይቶ የአካል መከላከያ መሆኑን የተረዳ ሰው ነው። የሥጋ ደዌ ባሲል ግን በሰም መሰል ቅባት የተለበጠ ግድግዳ አለው፤ ሕይወት እስካለው ድረስም የሁለቱን ከረጢቶች ውሕደት ያደናቅፋል። ስለዚህ ሊያጠፋው የተዘጋጀው ክፍል መኖሪያው ይሆናል። ቪርኮ ያየው አረፋም ባሲሎቹና በዙሪያቸው የተከማቸው ቅባት ነበር።

ባሲሉ ከሕያው ሕዋስ ውጪ የማያድግበት ምክንያት ይበልጥ የተብራራው ብዙ ቆይቶ ነው። በ1960 በአይጥ መዳፍ ላይ ማራባት ተቻለ። በሁለት ሳምንት ገደማ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል መሆኑም ታወቀ፤ የአንጀት ባክቴሪያ ኢ. ኮላይ በተመቸው ጊዜ በሃያ ደቂቃ ይከፈላል። በ2001 የዘር መረጃው በሙሉ ሲነበብ፣ የሚሠሩት ጂኖቹ 1,600 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ዘመዱ የሳምባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ግን ወደ 4,000 የሚጠጉ አሉት። ከ1,100 የሚበልጡት ደግሞ ቅርጻቸው ቀርቶ ሥራቸው የጠፋ ናቸው። ባሲሉ ለብዙ ዘመን በሰው ሕዋስ ውስጥ ተጠግቶ በመኖሩ፣ ራሱን የሚያስተዳድርበትን ሙያ አጥቷል።

ከማክሮፌጅ ሌላ ባሲሉ የሚመርጠው የሽዋንን ሕዋስ ነው። ይህ ሕዋስ ገለፈቱን በነርቭ ክር ላይ ደጋግሞ በመጠምጠም፣ በቅባት የበለጸገ ሽፋን ይሠራል፤ መልእክትም በነርቩ ላይ በፍጥነት የሚጓዘው በዚህ ሽፋን ነው። የሕዋሱን ውጪ ላሚኒን የተባለ ፕሮቲን ይሸፍነዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተደረጉ ጥናቶች ባሲሉ ከዚሁ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ወደ ሕዋሱ እንደሚገባ አሳይተዋል። ሽፋኑ ሲጎዳ መልእክቱ ይቋረጣል፤ እጅና እግር ይደነዝዛሉ። የሥጋ ደዌ ታማሚ ጣት የሚያጥረው ደዌው ሥጋውን ስለ በላው አይደለም። የጋለ ድስት ሲይዝ ባለመሰማቱ፣ እሾህ ሲወጋው ባለማወቁ፣ ቁስሉ እየመረቀዘና አጥንቱ እየተሸረሸረ ስለሚሄድ ነው። የጠፋው አስቀድሞ ሕመም ነው፤ ሕመምም ጠባቂ ነበር።

ባሲሉ አንድ ሆኖ ሳለ በሽታው በሁሉም ሰው ላይ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ሐኪሞችን ሲያስገርም ኖሯል። በአንዱ ቆዳ ላይ ጥቂት የደነዘዙ ምልክቶች ብቻ ይታያሉ፤ ባሲሉም እምብዛም አይገኝም። በሌላው አካል ላይ ባሲሉ በብዙ ሚሊዮን ይራባል። ሪድሊና ጆፕሊንግ በ1966 በነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ሁሉ በአምስት ክፍል መደቡት። የልዩነቱ ምክንያት ከተፈለገባቸው ቦታዎች አንዱ የዘነበወርቁ ቤተ ሙከራ ነው። ቶሬ ጎዳልና ባልደረቦቹ በ1971 ባሳተሙት ጥናት ከታማሚዎች ደም ሊምፎሳይት የተባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ለይተው ከባሲሉ ጋር አገናኙ። ባሲሉን የሚያውቅ ሊምፎሳይት ይፋፋል፤ በኑክለሱ ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ ቀድቶ ለመከፈል ይዘጋጃል። በዘመኑ ይህ ይለካ የነበረው ሕዋሱ ለዲኤንኤ መሥሪያ የሚወስደውን ታይሚዲን በጨረር ምልክት በማድረግ ነው። በመጀመሪያው ጫፍ ያሉት ታማሚዎች ሊምፎሳይቶች መልስ ሰጡ፤ በሁለተኛው ጫፍ ያሉት ዝም አሉ። ጥናቱ የደረሰበት መደምደሚያ በሁለተኞቹ ደም ውስጥ በተለይ ይህን ባሲል የሚለዩ ሊምፎሳይቶች ይጎድላሉ የሚል ነበር። የዝምታው መንሥኤ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተመራማሪዎችን አከራክሯል። ጥያቄው በሕዋስ ደረጃ የተቀመጠው ግን በዚያ ሥራ ነው።

በ1970ዎቹ አጋማሽ በዚያው ተቋም የተደረጉ ጥናቶች ሌላ ነገር ጨመሩ። አንዳንድ ታማሚዎች በሕክምና ላይ እያሉ ድንገት ቆዳቸው ይቀላል፣ ነርቫቸው ያብጣል። በዚህ ጊዜ ደማቸው ሲመረመር ሊምፎሳይቶቻቸው ለባሲሉ የሚሰጡት መልስ በርትቶ ተገኘ። እንግዲህ ነርቩን የሚጎዳው ባሲሉ ብቻ ሳይሆን ባሲሉን ለማጥፋት የተነሣው የአካል ሠራዊትም ነው። ተማሪው ሕዋስ ብቻውን የሚኖር ጓዳ ሳይሆን ከጎረቤቱ ጋር የሚነጋገር፣ አንዳንዴም ጎረቤቱን የሚያቃጥል መሆኑን ከዚህ ይማራል።

የመድኃኒቱም ነገር ያው የሕዋስ ሥራ ነው። ዳፕሶን ባክቴሪያው ፎሊክ አሲድ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ የሰው ሕዋስ ፎሊክ አሲድን ከምግብ ስለሚያገኝ በዚህ አይጎዳም። ሪፋምፒሲን የባክቴሪያውን አርኤንኤ የሚሠራውን ኤንዛይም ይይዛል፤ የእኛ ኤንዛይም ግን ቅርጹ ሌላ ነው። ዳፕሶን ብቻውን ለዓመታት ሲሰጥ የሚቋቋሙት ባሲሎች ተፈጠሩ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ይህ በአዲስ አበባም ታይቶ ተዘገበ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ሁለቱን መድኃኒቶች ከክሎፋዚሚን ጋር አጣምሮ መስጠትን ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። የተጣመረው መድኃኒት ከ1995 ጀምሮ በድርጅቱ አማካይነት በነጻ ይታደላል። ሕክምናውን የጀመረ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ በሽታውን ወደ ሌላ ማስተላለፉን ያቆማል።

የአርማወር ሃንሰን ተቋም በ2004 ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት ተዛውሮ በሳምባ ነቀርሳና በሌሎችም በሽታዎች ላይ ይመራመራል። ሥጋ ደዌ ግን ገና አልጠፋም፤ በአገራችን በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ አዲስ ታማሚዎች ይመዘገባሉ። ብዙዎቹም ምልክቱን ደብቀው ይቆያሉ፤ ምክንያቱም የሚፈሩት ደዌውን ብቻ ሳይሆን ጎረቤትን፣ ጋብቻን፣ ዕድርን ነው። ነርቭ ከጠፋ በኋላ ባሲሉን የሚገድለው መድኃኒት የጠፋውን አይመልስም። ስለዚህ መዘግየት ማለት አካለ ስንኩል መሆን ማለት ነው።

የሥነ ሕይወት መምህር ድርሻ እዚህ ላይ ነው። ከመቶው ሰው ዘጠና አምስት ያህሉ ባሲሉን በተፈጥሮ መከላከያው ይቋቋማል። ደዌውን የሚያመጣው ከውጪ የሚገባ ባሲል ነው እንጂ ወላጅ በኑክለሱ ውስጥ ለልጁ የሚያወርሰው አይደለም። ወላጅ ቢያወርስ እንኳ የመከላከያው ብርታት ወይም ድካም ነው፤ ይህም በማንኛውም ተላላፊ በሽታ ላይ ያለ ነገር ነው። ይህን በሰሌዳው ላይ በሣለው ሥዕል አጠገብ የሚያስረዳ መምህር፣ የሽዋንን ሕዋስ ከነነርቩ፣ ማክሮፌጁን ከነባሲሉ ጨምሮ የሚሥል መምህር፣ የፈተና መልስ ብቻ አያስተምርም። ከዘነበወርቅና ከአየር ጤና ወደ ክፍሉ ከሚመጡት ልጆች መካከል አያቱ ወይም እናቱ በዚህ ደዌ ስም ከቀዬዋ የተባረረች ልጅ ይኖራል። ያ ልጅ «ዘሩ ነው» የሚለው ቃል ሐሰት መሆኑን በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ፣ በጓደኞቹ ፊት፣ ከመምህሩ አንደበት ይሰማ ዘንድ ይገባዋል።