ከመጥረጊያ እስከ ማጣሪያ፦ የቤት አቧራና የአለርጂ ታሪክ

አለርጂ ያለበት ሰው ውሻ ባለበት ቤት የሚታመመው ምንጣፍና ሶፋ ላይ በሚታየው ፀጉር ምክንያት ነው የሚለው እምነት የተስፋፋ ቢሆንም፣ ሰውነትን የሚያስቆጣው ፀጉሩ ራሱ ሳይሆን ከእንስሳው ምራቅና ከቆዳው ከሚረግፈው ፎረፎር ጋር የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ይህ እውቀት የተገኘው የዛሬዎቹ የጽዳት መሣሪያዎች ዋና ቅርጻቸውን ከያዙ ከብዙ ዓመታት በኋላ በመሆኑ፣ የቤት ጽዳት ታሪክ በአብዛኛው ዓይን የሚያየውን ቆሻሻ እያነሱ የማይታየውን ሳያውቁ ወደ አየር የመመለስ ታሪክ ሆኖ ቆይቷል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሽመና ማሽን የምንጣፍን ዋጋ ሲቀንሰው፣ ቀድሞ የባለጸጎች ጌጥ የነበረው ምንጣፍ የመካከለኛ ኑሮ ቤቶችን ወለል ሸፈነ። ብዙውን ጊዜ ከወለሉ ጋር በምስማር ይያያዝ ስለነበር፣ ተነሥቶ ደጅ ገመድ ላይ ተሰቅሎ በዱላ የሚደበደበው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በተለይም በጸደይ ወራት ነበር። በዘወትር ጽዳት ግን የቤት ሠራተኞች እርጥብ የሻይ ቅጠል ምንጣፉ ላይ በትነው ይጠርጉ ነበር፤ ይህም በኢትዮጵያ የአፈር ወለል ከመጠረጉ በፊት ውሃ እንደሚረጭበት ሁሉ፣ የረጠበ አቧራ አይነሣም በሚል የልምድ እውቀት ላይ የተመሠረተ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 በሚቺጋን ግዛት፣ በግራንድ ራፒድስ ከተማ ሜልቪል ቢሰል የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘበት ባለ ተሽከርካሪ ብሩሽ የምንጣፍ መጥረጊያ ፀጉርና ጉድፍ በሣጥኑ ውስጥ ቢሰበስብም፣ ደቃቁን አቧራ የሚይዝበት መንገድ አልነበረውም።

አቧራን በአየር ኃይል የመምጠጥ ሐሳብን በተግባር ያዋለው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ ነው። ቡዝ በ1901 የሠራው ማሽን በፈረስ የሚጎተት ግዙፍ ነገር ስለነበር መንገድ ላይ ቆሞ ረጃጅም ቱቦዎቹ በመስኮት ወደ ቤት ይገቡ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመትም ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል የዌስትሚኒስተር አቤይን ምንጣፎች ለማጽዳት ውሏል። ሞተሩም ማጣሪያውም ከቤት ውጭ በመሆናቸው ማጣሪያውን አልፎ የሚወጣው ብናኝ ተመልሶ ወደ ክፍሉ አይገባም ነበር፤ ይሁን እንጂ ይህ ጥቅም በዘመኑ አልታወቀም፣ ማሽኑም ግዝፈቱና ዋጋው ለተራ ቤተሰብ የሚሆን አልነበረም።

መሣሪያውን ወደ ቤት ያስገባው በኦሃዮ ግዛት፣ በካንተን ከተማ በአንድ የሸቀጥ መደብር በጽዳት ሥራ ይተዳደር የነበረው ጄምስ መሪ ስፓንግለር ሲሆን፣ ምክንያቱም ሕመም ነበር፤ መጥረጊያው የሚያስነሣው አቧራ አስሙን ስላባባሰበት የኤሌክትሪክ ሞተርን ከመጥረጊያ እጀታና ከትራስ ልብስ ጋር አጣምሮ ተንቀሳቃሽ መምጠጫ ሠራ። በ1908 የፈጠራ መብቱን ካገኘ በኋላ ዊልያም ሁቨር ገዝቶት በሰፊው ማምረት ጀመረ። ሆኖም የጨርቅ ከረጢቱ ትልልቁን ቆሻሻ ይዞ ደቃቁን ብናኝ ከሞተሩ አየር ጋር ወደ ክፍሉ ይመልስ ስለነበር፣ በአስም ታማሚ እጅ የተፈጠረው መሣሪያ የአስም ታማሚዎችን ችግር ግማሹን ብቻ ፈታ።

ችግሩ ምን እንደሆነ በውል ለመረዳት የሕክምናው ምርምር መብሰል ነበረበት። ሰውነት ለሌላው ሰው ምንም ጉዳት በሌለው ነገር ላይ የሚያሳየውን የተለወጠ ምላሽ በ1906 አለርጂ ብሎ የሰየመው የቪየናው ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ነው። በ1920ዎቹ በኔዘርላንድስ፣ በላይደን ከተማ ስቶርም ፋን ሌዩቨን የአስም ታማሚዎችን ንጹሕ አየር በሚገባበት ልዩ ክፍል ሲያስተኛ ሕመማቸው እንደሚቀል አሳየ። በዚያው ከተማ በ1960ዎቹ ፎርሆርስትና ባልደረቦቹ በቤት አቧራ ውስጥ ዋነኛው የአለርጂ መነሻ ዓይን የማያያት፣ ከሸረሪት ወገን የምትመደብ ደቃቅ ቅንቅን መሆኗን ሲያረጋግጡ፣ በዚያው አሥርት ዓመት በአሜሪካ ኢሺዛካ ባልና ሚስት፣ በስዊድን ደግሞ ዮሃንሰንና ቤኒክ የአለርጂን ምላሽ የሚቀሰቅሰውን ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢን ለዩ።

ዋናው የውሻ አለርጂ ቀስቃሽ ፕሮቲን፣ ካን ኤፍ 1 የተባለው፣ ተለይቶ ሲጠና የፀጉሩ ጉዳይም ግልጽ እየሆነ መጣ። ፕሮቲኑ የሚጣበቅባቸው ቅንጣቶች በከፊል ከ5 ማይክሮን፣ ማለትም ከአንድ ሚሊ ሜትር 1/200ኛ ያነሱ በመሆናቸው በአየር ላይ ለረጅም ጊዜ ይንሳፈፋሉ፤ በልብስ ላይም ተጣብቀው ስለሚጓዙ በ1998 እና በ1999 በአሜሪካ በተደረገ አገር አቀፍ የቤቶች ጥናት የውሻ አለርጂ ቀስቃሽ፣ ውሻ የሌለባቸውን ጨምሮ፣ ናሙና በተወሰደባቸው ቤቶች ሁሉ ተገኝቷል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአውስትራሊያ ዋሊ ኮንሮን ላብራዶርንና ፑድልን ያዳቀለው ባሏ አለርጂ ላለበት አንዲት ዓይነ ስውር ሴት መሪ ውሻ ለማግኘት ቢሆንም፣ አለርጂ አያስነሡም ተብለው የሚሸጡ ዝርያዎች ከሌሎቹ ያነሰ ካን ኤፍ 1 በፀጉራቸው እንደማይገኝ በ2012 የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት አመልክቷል።

ደቃቁን ብናኝ የሚይዘው መሣሪያ የመጣው ከቤት ጽዳት ጋር ግንኙነት ከሌለው ዘርፍ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ የአቶሚክ ቦምብ ሥራ ውስጥ የሬዲዮአክቲቭ ብናኝን ለመያዝ የተዘጋጀው ማጣሪያ ኋላ ሄፓ በሚል ስም ታወቀ፤ በመለኪያው መሠረት 0.3 ማይክሮን ከሚሆኑ ቅንጣቶች ቢያንስ 99.97 በመቶውን መያዝ አለበት። ይህ ማጣሪያ በአቧራ መምጠጫዎችና በአየር ማጽጃዎች ውስጥ ሲገባ፣ ስፓንግለር በትራስ ልብስ ሊይዘው ያልቻለው ክፍል መያዝ ቻለ።

ያም ሆኖ ማጣሪያ የሚይዘው ወደ እርሱ የደረሰውን ብቻ ነው። ውሻው በቤት እስካለ ድረስ ምንጩ ስለማይደርቅ፣ ውሻን ማጠብ እንኳ ውጤቱ እንዲዘልቅ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ መደገም እንዳለበት ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ ዛሬ የሚሰጠው ምክር ውሻውን ከመኝታ ክፍል ማራቅን፣ ምንጣፍን አንሥቶ ወለልን በእርጥብ ጨርቅ መወልወልንና አልጋ ልብስን በሙቅ ውሃ ማጠብን ከሄፓ ማጣሪያ ጋር አብሮ ያዛል፤ ከአንድ መቶ ዓመት የማሽን ግስጋሴ በኋላም እርጥበትና ባዶ ወለል ከምክሩ ዝርዝር አልወጡም።